ፀሐይን ኦክላንድ፣ ኔፕቱንን ሳን ሆዜ ያስቀመጡት መምህር ማንደፍሮ አስራት

መምህር ማንደፍሮ አስራት ታኅሣሥ 12 ቀን 1949 ዓ.ም. ከአባታቸው ከአቶ አስራት በየነ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉመቤት ደስታ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሠራተኞች መንደር ተወለዱ። አባታቸው የፋብሪካው የቦይለር ሠራተኛ ነበሩ። እናታቸው አምስት ወልደው ለማሳደግ የበቁት ሁለት ነው፤ ታላቋን ትርፌንና ታናሹን ማንደፍሮን። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ትርፌ ናት። ትምህርቷ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈምና የጎደለውን እናንተ በልባችሁ ሙሉበት። የተጻፈው ግን እውነት ነው፤ እንዲያውም አንዳንዱ ትርፌ ባይጻፍ ትወደው የነበረ እውነት ነው።

መምህር ማንደፍሮ በ1956 ዓ.ም. በመንደሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። ፊደሉን ቤት ውስጥ እኅታቸው አስቀድማ አስቆጥራቸው ስለነበር ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ ከአንደኛ ወርደው አያውቁም። እሷም ብትሆን በትምህርት አትታማም ነበር። እሷ ስድስተኛ፣ እሳቸው ሦስተኛ ክፍል ሳሉ ግን በቤታቸው አንድ ነገር ሆነ። ይህ ሳይነገር ቢታለፍ የኋላው አይገባምና መነገር አለበት።

በ1958 ዓ.ም. ትርፌን ወባ መላልሶ ጣላት። እናታቸው ቢጨንቃቸው ከናዝሬት ኮከብ ቆጣሪ አስጠሩ። ሰውዬው ቁጭ እንዳለ፣ “የልጅቱ ስም ማነው? የእናቷስ?” አለ። ቀጥሎም፣ “ወንድም አላት? የእሱስ ስም?” አለ። ጻፈ፣ ቆጠረ፣ ደመረ፣ ሰረዘ። በመጨረሻ ዙሐል የሚባል ኮከብ በወንድሟ በኩል እንደ ተጫናት፣ ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር ካደሩ አንዳቸው እንደማይተርፉ ተናገረ። በሳምንቱ ትርፌ ልብሷን በከረጢት ይዛ ሞጆ አክስቷ ዘንድ ተላከች። ወባውም አብሯት ሄደ። ትምህርቷ ግን ወንጂ ቀረ። ከአራት ዓመት በኋላ ስትመለስ ከትናንሽ ልጆች ጋር መቀመጥ አሳፈራትና ቤት ዋለች። ከዚያ ወዲህ “ስምሽ ማነው? የእናትሽስ?” የሚል ሰው በሰማች ቁጥር ከአጠገቡ ትነሣለች። ኋላ ጌታን ስታገኝም መጀመሪያ የካደችው ያንን ሰውዬ ነው።

መምህር ማንደፍሮ ሁለተኛ ደረጃን ናዝሬት ተከታትለው፣ በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ዘምተው ገበሬ ፊደል አስቆጥረው፣ በ1971 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመረቁ። በመተሐራና በወንጂ ሠላሳ ስምንት ዓመት ጂኦግራፊና ሳይንስ አስተማሩ። ሉል የሌለው ትምህርት ቤት ቢመደቡ ከተጣለ የቅርጫት ኳስ ሉል ሠሩ፤ አህጉራቱን በእስክሪብቶ ሥለውበት ኳሱ አየር ሲያጥረው አፍሪካ ትጎደጉድ ነበር ይባላል። ተማሪ ቢሳሳት አይቆጡም፤ “ዞረህ ና” ነው የሚሉት። ዞሮ አስቦበት የመጣ ልጅ ደግሞ ቢሳሳት እንኳ አይስቁበትም።

በ1977 ዓ.ም. የሒሳብ መምህርት የነበሩትን ወይዘሮ ፀዳለን አግብተው በ1982 ዓ.ም. ሲናን ወለዱ። ፀዲ፣ ሁላችንም እንዲያ ነበር የምንጠራቸው፣ በ1998 ዓ.ም. በሕመም ተለዩአቸው። መምህሩ ሌላ ሳያገቡ ልጃቸውን ብቻቸውን አሳደጉ። ሲና በፈረንጆቹ 2012 ዲቪ ደርሷት ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ መጣች፤ ዜግነት እንዳገኘች አባቷን አስመጣች። መምህር ማንደፍሮ ማርች 2019 ሲገቡ ዕድሜያቸው ስድሳ ሁለት ነበር። ሲና አፕታውን በሚባለው ሰፈር ከተከራየችው አፓርትመንት እየተነሱ፣ በባርት ባቡርና በአውቶቡስ እዚሁ ካሊፎርኒያ ኒውአርክ ከተማ ድረስ እየሄዱ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ላይ ሌብል ይለጥፉ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት “መምህር” ሲባሉ የኖሩ ሰው ናቸውና ከፍቷቸው እንደሆነ ተጠይቀው፣ “ሌብል መለጠፍ ያው ማስተማር ነው፤ ዕቃው የት እንደሚሄድ ታስተምረዋለህ” አሉ።

እኅታቸው ትርፌ ከእሳቸው አስቀድማ፣ ባለቤቷን ተከትላ መጥታ ሳን ሆዜ ትኖር ነበር፤ እሑድ እሑድ ግን ወደዚሁ ኦክላንድ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች። ሞጆ የለያያቸውን ዓመታት ለመካስ በየቅዳሜው ይደዋወሉ ነበር።

እዚህ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ለስንብታቸው የተሰበሰባችሁ ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው ግን በእሑድ ትምህርታቸው ነው። በ2022 መጸው ላይ የልጆች አገልግሎት አስተባባሪያችን አቶ ደምመላሽ፣ “ማንዴ፣ እነዚህ ልጆች ከስብከት በኋላ ስልክ ላይ ነው የሚውሉት፤ አንድ ነገር አስተምርልኝ” ብለው ለመኗቸው። አቶ ደምመላሽ የሆስፒታል ሠራተኞች ማመላለሻ ሸትል የሚነዱ፣ የቤተ ክርስቲያኑንም ቫን የሚነዱ፣ ሳን ሎሬንዞ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ሁለቱ እንደ ተዋወቁ ነው ወንድማማች የሆኑት። መምህሩም፣ “ሰማይን አስተምራለሁ” አሉ።

በመጀመሪያው እሑድ ልጆቹን ሰብስበው ስለ ምኅዋር ነገሯቸው። ምኅዋር ማለት ፕላኔት ፀሐይን የሚዞርበት መንገድ ነው። ምሥጢር የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጇን አወጣች።

“ጋሼ ማንዴ፣ ፀሐይ ፑል እያደረገችን ለምን ፎል አናደርግም?”

“እየወደቅን ነው እንጂ!” አሉ መምህሩ። “ግን ወደ ጎን ደግሞ በጣም እየሮጥን ነው። ስንወድቅ እንስታታለን። እንደገና ስንወድቅ እንደገና እንስታታለን። ይኸው አራት ቢሊዮን ተኩል ዓመት ስተናታል።”

“ሶ ዊ ጀስት ኪፕ ሚሲንግ?”

“ኪፕ ሚሲንግ፣ የእኔ ልጅ። የጌታ ሥራ ነው።”

ቀጥለው ያደረጉትን ያየ አይረሳውም። የጸሎት አዳራሻችንን ወርድ በሜትር ለኩት፤ ስድሳ አምስት ጫማ ሆነ። “ይህ አዳራሽ ፀሐይ ይሁን” አሉ። “ፀሐይ ይህን ካከለች ምድር የምታህለው ይህችን ነው” ብለው የሕፃን ኳስ አነሡ። “የት ላስቀምጣት?” ልጆቹ አንዱ “በሩ ላይ”፣ አንዱ “ፓርኪንጉ ውስጥ” አሉ። መምህሩ ሳቁና፣ “ከዚህ አንድ ማይል ከሲሶ ርቃ ነው የምትቀመጠው” አሉ። ከዚያ በየወሩ አንድ ፕላኔት፣ በየወሩ አንድ የምእመን ቤት ሆነ። አቶ ደምመላሽ ይነዳሉ፤ ልጆቹ የቫኑን ማይል ይቆጥራሉ፤ ርቀቱ ሲሞላ ይወርዳሉ።

ሜርኩሪ ግማሽ ማይል ላይ፣ አንድ የልብስ ማጠቢያ ቤት ደጃፍ ሆነች፤ የቴኒስ ኳስ አክላ። በሰማንያ ስምንት ቀን ፀሐይን ዞራ ትጨርሳለች። ቬነስ አንድ ማይል ላይ የሲና አፓርትመንት በር ላይ ተቀመጠች፤ እሷ በገዛ ራሷ ላይ አንዴ እስክትዞር ፀሐይን ዞራ ትጨርሳለች፣ ስለዚህ ቀኗ ከዓመቷ ይረዝማል ሲባል ምሥጢር፣ “ዘን ትምህርት ቤት የለም” አለች። ምድር ዲሴምበር ላይ በከተማችን ሐይቅ ዳር አንድ ቤተሰብ ዘንድ ዋለች። እናቶቹ ከልጆቹ ጋር ቆመው እየሰሙ ሳለ መምህሩ፣ ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ፣ በዚሁ በብርዱ ወር መሆኑን ተናገሩ። “እንዴት ይሆናል?” ቢሏቸው፣ “ብርዱ ከርቀት አይደለም፣ ምድር ስለምታዘነብል ነው። ለፀሐይ ጎናችንን ስንሰጣት ነው የምትቀዘቅዘን፤ መኮራረፍ በሉት” አሉ። የምኅዋር መንገድ ድፍን ክብ እንዳልሆነ ሊያሳዩ ሁለት ልጆች አቁመው፣ ገመድ አዙረውባቸው፣ በጠመኔ መሬት ላይ እንቁላል የመሰለ ነገር ሣሉ። ማርስ ሁለት ማይል ላይ፣ ጁፒተር ሰባት ማይል ላይ ሳን ሊያንድሮ ዋሉ። ቤቶቹ አንዱ በምሥራቅ አንዱ በደቡብ ናቸው። “ፕላኔቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ተሰልፈው አይቆሙም፣ የሚቆጠረው ከፀሐይ ያላቸው ርቀት ነው” ይሉ ነበር።

ሳተርን አሥራ ሦስት ማይል ላይ የአቶ ደምመላሽ ቤት ነበረች። ቀለበቷ በረዶና ድንጋይ መሆኑን ልጆቹ በእጃቸው እንዲነኩ አቶ ደምመላሽ ሁለት ከረጢት በረዶ ገዝተው ድራይቭዌያቸው ላይ፣ መኪና በሚያቆሙበት ደጃፍ፣ በክብ አፈሰሱት።

“ማንዴ፣ ሳተርንህ ቀለጠች እኮ!”

“ያንተ ሰፈር ሞቆ ነው፤ የእሷ ሰፈር ከዜሮ በታች መቶ አርባ ነው።”

“እንግዲያው ሬንት ርካሽ ይሆናል። እንሂድ!”

ያን ቀን ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ልጅ ሲስቁ ትርፌ በቪዲዮ አይታለች።

በኤፕሪል 2023 ዩራነስ ደረሱ። ሃያ ስድስት ማይል ግድም ስለሚሆን ቦታው ኒውአርክ፣ መምህሩ የሚሠሩበት መጋዘን ፓርኪንግ ሆነ። ዩራነስ ጋደም ብላ እየተንከባለለች በሰማንያ አራት ዓመት አንዴ የምትዞር ናት። ሊቃውንቱ መንገዷ ከሒሳባቸው ትንሽ ሲዛነፍባቸው፣ “አንድ ያላየነው ነገር ከሩቅ እየሳባት ነው” ብለው ሒሳብ ሠሩ፤ ሒሳቡ ባመለከተው ቦታ ቢፈልጉ ኔፕቱን ተገኘች። መምህሩ ይህን ሲተርኩ ልጆቹ፣ “እሷስ የት ናት?” ቢሏቸው፣ “አርባ ማይል ላይ። የእኅቴ ቤት ሳን ሆዜ። በሚመጣው ወር እንሄዳለን፤ ሳምቡሳ አለ” አሉ።

ቀኑ ሜይ 21 ተቀጠረ። ኔፕቱን ከደረሱ ትምህርቱ ያልቃል፤ ልጆቹ ሰርተፍኬት ይቀበላሉ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ፣ የምታዳምጡ ወገኖቼ፣ ትርፌ የገባችበት።

ከቀጠሮው ሳምንት ቀደም ብሎ በነበረው ቅዳሜ መምህር ማንደፍሮ ግቢውን ሊያዩ ሳን ሆዜ ሄዱ። ሻይ ጠጡ፣ ሜትራቸውን ዘረጉ፣ ተሳሳቁ። ሲሄዱ ማኅደራቸውን ጠረጴዛ ላይ ረስተው ሄዱ። ትርፌ ልታነሣው ስትል አንድ ወረቀት ወደቀ። በወንድሟ ጽሕፈት የልጆች ስም ተደርድሯል። ከስማቸው ቀጥሎ የእናታቸው ስም። ከእናታቸው ስም ቀጥሎ የተወለዱበት ቀን። ከዚያ ወዲያ እነዚያ የድሮ የከዋክብት ስሞች፦ ዓጣርድ፣ ዘሃራ፣ መሪኅ፣ ሙሽተሪ፣ ዙሐል። በየስሙ ሥር ቁጥር። በምሥጢር ስም አንጻር ዓጣርድ 42፣ ዘሃራ 16፣ መሪኅ 5 ይልና ሙሽተሪ ላይ ዜሮ፣ ዙሐል ላይ ዜሮ ይላል። የሁሉም ልጅ ዙሐል ዜሮ ነው። ግርጌው ላይ ደግሞ ሁለት መሥመር፦ ማንደፍሮ፣ እናት ሙሉመቤት፣ ዙሐል 2። ትርፌ፣ እናት ሙሉመቤት፣ ዙሐል 2።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆና ወንጂ ወለል ላይ እንደ ተቀመጠች ነው የተሰማት። አንድ ስልክ ብትደውል፣ “ማንዴ፣ ይህ ምንድነው?” ብላ አንዲት ጥያቄ ብትጠይቅ ይበቃ ነበር። አልደወለችም። ወረቀቱን በስልኳ ፎቶ አንሥታ በማግሥቱ እሑድ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አሳየች። “ወንድሜ ነው፣ እወደዋለሁ፣ ግን ልጆቹን በእናታቸው ስም እየቆጠረ ነው” አለች። ስሟ እንዳይነሣም ለመነች።

ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። እኛ ግን የምናውቀው ልማድ አለን፤ ትልቅ ሰው ፊት ለፊት እንዲያፍር አይደረግም፣ ነገር ይሸፈንለታል። ስለዚህ መምህሩን ጠርቶ የጠየቀ ሰው የለም። አቶ ደምመላሽ እንዲነግሩ ታዘዙ።

“ማንዴ፣ የቫኑ ኢንሹራንስ ልጆችን ከቨር አያደርግም ተባለ። ለጊዜው ይቁም።”

“ምን ማለት ነው ደሜ? እስከ ዛሬ ሰባት ወር ከቨር ያደረገው ምን ነበር?”

መምህር ማንደፍሮ መላሽ ያጣ ጥያቄ ሲያጋጥማቸው መልሱን ራሳቸው የሚሞሉ ሰው ነበሩ፤ በዚህኛው የሞሉት ግን ተሳስተው ነው። በሳምንቱ ለእኅታቸው ደውለው እንዲህ አሏት፦ “ደምመላሽ ነው ያስቆመው። ምን አደረግኩት? ያ በረዶ ግቢውን አበላሽቶበት ይሆን?”

ትርፌም፣ “ተወው ማንዴ፣ ሰው እንዲህ ነው” አለች።

ትልቁ ጥፋቷ ይህች ቃል ናት። ሰው እንዲህ ነው ያለችው ስለ ራሷ መሆኑን ግን አልነገረቻቸውም።

በጁላይ ትርፌ ሲናን ልትጠይቅ ሄዳ ያን ፎቶ አሳየቻት። ሲና አይታ ሳቀች። “አክስቴ፣ ይኼ እኮ ዕድሜ ነው። አባዬ ለሰርተፍኬቱ የሠራው ነው። ልጁ ሜርኩሪ ላይ ቢወለድ ኖሮ ስንት ዓመት ይሆነው ነበር፣ ማርስ ላይስ፣ እያለ። ዙሐል ማለት ሳተርን ነው፤ አንዴ ለመዞር ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተኩል ይፈጅበታል፤ ልጆቹ ገና አንድ የሳተርን ዓመት ስላልሞላቸው ዜሮ። አንቺና አባዬ ሁለት ሁለት ሞልታችኋል። የድሮዎቹን ስሞች የጻፈው ልጆቹ በአማርኛም እንዲያውቋቸው ነው።”

“የእናታቸውስ ስም?”

“ለፒክ አፕ ነዋ። ማን እንደሚወስዳቸው ማወቅ የለበትም?”

ትርፌ ያን ዕለት ለሽማግሌዎቹ ልትደውል ስልኳን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ሳምንት ይለፍ አለች። ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ዓመት፣ ዓመቱ ሁለት ዓመት። በዚህ መካከል ወሬው ከሽማግሌዎች አልፎ ወጣ። አንዳንድ እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው በሌላው በር መውጣት ጀመሩ። አንድ እሑድ ምሥጢር ወደ መምህሩ ሮጣ ስትመጣ እናቷ ክንዷን ይዛ መለሰቻት፤ መምህሩ ለሰላምታ የዘረጉትን እጅ ወደ ኪሳቸው መለሱት። ትርፌ ሁለት ወንበር ከኋላቸው ተቀምጣ ይህን አይታለች። አቶ ደምመላሽና መምህሩም አዳራሹን ለሁለት ተካፍለው፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ይቀመጡ ጀመር። አቶ ደምመላሽ ጉልበታቸውን ኦፕሬሽን ሲደረጉ መምህሩ ካርድ ላኩ እንጂ አልሄዱም።

በፌብሩዋሪ 2025 መምህር ማንደፍሮ የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ታወቀ። ሕክምናውን በትዕግሥት ተከታተሉ። ነርሶቹን ስለ ጨረቃ ያስተምሩ ነበር። ሴፕቴምበር ላይ ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ ማድረግ የሚችሉት እንደሌለ ነገሯቸው። ትርፌም አንድ ቀን ጠዋት ከሳን ሆዜ ተነሥታ፣ መንገዱን ሙሉ ቃሏን ስታዘጋጅ መጥታ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጠች።

“ማንዴ፣ የምነግርህ ነገር አለኝ።”

“እኔም አለኝ። እኔ ልቅደም፤ በሽተኛ ይቀድማል” አሏት። “ሞጆ የሄድሽ ዕለት ‘ዙሐል ነው ያስወጣት’ ሲሉ ሰማሁ። ይህ ዙሐል የሚባለው የት ነው የሚኖረው ብዬ የሳይንስ መምህሬን ጠየቅኳቸው። መጽሐፍ ገልጠው አሳዩኝ፤ ቀለበት ያደረገ ኳስ። ምን ያህል ይርቃል ብላቸው ዘጠኝ መቶ ሚሊዮን ማይል ገደማ አሉኝ። እንግዲህ ይህ ኳስ እዚያ ሆኖ እኅቴ ምን አድርጋው ከቤት አስወጣት? አልኩ። ትርፌ፣ አስተማሪ የሆንኩት ያን ቀን ነው። አንድም ልጅ እንዳንቺ ሰማይን ፈርቶ ትምህርቱን እንዳይተው ብዬ ነው።” ቀጥለውም፣ “አንቺስ? ምን ልትዪኝ ነበር?” አሏት።

“ምንም” አለች ትርፌ። “ውኃ አማረህ እንደሆነ ብዬ ነው።”

ውኃውን አጠጣቻቸው። መናገር የነበረባትን ግን በዚያው ዋጠችው፤ ሌላ ጊዜም አልተሰጣትም። መምህር ማንደፍሮ አስራት በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ማክሰኞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሲና እጃቸውን እንደ ያዘች ወደ ጌታቸው ተሰበሰቡ።

ከሁለት ቀን በኋላ ሐሙስ ትርፌ ሳን ሎሬንዞ ሄዳ የአቶ ደምመላሽን በር አንኳኳች። ሳትቀመጥ፣ ቆማ፣ ከወረቀቱ ጀምራ እስከ ውኃው ድረስ ነገረቻቸው።

“እትዬ ትርፌ፣ አውቃለሁ” አሉ አቶ ደምመላሽ። “ሽማግሌዎቹ ሲያዙኝ እኮ ማን እንዳመጣው ነግረውኛል።”

“ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ሁለት ዓመት ሙሉ አንተን ሲቀየም?”

“ምን ላድርግ፣ እትዬ? እኔ ነኝ ብሎ ቢያስብ ጓደኛ ነው የሚያጣው። ጓደኛ ሌላ ያገኛል። እርስዎ ነዎት ብዬ ብነግረው ግን፣ ያችኑ አንዲት እኅቱን ለሁለተኛ ጊዜ ያጣል። ሌላ ከየት ያመጣል?”

ትርፌ በዚያ ደጃፍ ላይ ያለቀሰችውን ያህል ለወንድሟ ሞት አላለቀሰችም፤ ይህም ይጻፍ። ቀና ስትል፣ “ምን ልካስህ?” አለቻቸው። “እኔን ይተዉኝ። ልጆቹ ይስሙት” አሉ። ትርፌም ይህን ጽሑፍ ጻፈች፤ ፓስተራችንም ሽማግሌዎቻችንም አስቀድመው አይተው፣ እኛም መጠየቅ ነበረብን ብለው ፈቅደዋል።

ስለዚህ ልጆች ስሙ። ምሥጢር፣ አንቺም ስሚ። አስተማሪያችሁ ኮከብ አልቆጠሩባችሁም። ያስተማሯችሁ ሁሉ እውነት ነው። ምድር በሦስት መቶ ስድሳ አምስት ቀን ከሩብ ትዞራለች፣ ኔፕቱን በመቶ ስድሳ አምስት ዓመት፤ አንዳቸውም ስለ እናንተም ሆነ ስለ እናታችሁ ስም የሚያውቁት ነገር የለም። ሰማይን አትፍሩ። እናቶች፣ ልጆቻችሁን ከእሳቸው ያሸሻችሁት በትርፌ ጥፋት ነውና በራሳችሁ አትዘኑ። አልገባ ያላችሁ ነገር ሲኖር ግን ባለቤቱን ጠይቁ፤ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ጠይቁ።

መምህር ማንደፍሮ አንዲት ልጃቸውን ሲናን፣ እኅታቸውን ትርፌን፣ በመተሐራና በወንጂ ቆጥረን የማንጨርሳቸውን ተማሪዎቻቸውን፣ በዚህ አዳራሽ ያሉትን አሥራ ሰባት የእሑድ ተማሪዎቻቸውን፣ እንዲሁም በእውነት ወንድማቸው የነበሩትን አቶ ደምመላሽን ትተው አልፈዋል።

ትርፌ ይህን እንዲያነቡላት የለመነችው አቶ ደምመላሽን ነው። “ስሜ ያለበትን ልዝለለው” ብለዋት ነበር፤ “ደሜ፣ አንዲት መሥመር እንዳትዘል” ብላ አስምላቸዋለች። አሁን የምትሰሙት ድምፅ የእርሳቸው ነው።

ከዋክብትን በየመንገዳቸው ያቆመ አምላክ የመምህር ማንደፍሮን ነፍስ በብርሃኑ ያሳርፍ። ሲናን ያጽናናት። ያስቀየሙንን ይቅር እንድንል፣ ያስቀየምናቸውን ደግሞ ሳይመሽ እንድንደርስባቸው ይርዳን። አሜን።